አንድ አባባል እውነት የሚሆነው በምንድን ነው?

«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለውን በግእዝ የተጻፈ የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ የደረሰው ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው መነኩሴው ነው የሚል ጥርጣሬውን በጽሑፍ ያወጣው በ1920 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ካናዳዊ ክላውድ ሰምነር ደግሞ በ1970ዎቹ ሰፊ ጥናት አሳትሞ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲል ተሟግቷል። ነገሩ በማኅበራዊ ሚዲያ በተነሣ ቁጥር አንዱ «እውነቱ ይኸው ነው» ይላል፤ ሌላው «እሱ ያንተ እውነት ነው» ብሎ ይመልሳል።

እዚህ ላይ የመጽሐፉን ባለቤት ለመፍረድ አልተነሣሁም። ክርክሩን የመረጥኩት ሌላ ጥያቄን አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። ሁለቱም ወገኖች ከመካከላቸው አንዱ መሳሳቱን ያምናሉ፤ ባያምኑማ አይከራከሩም ነበር። እንግዲህ የአንደኛውን አባባል እውነት፣ የሌላውን ሐሰት የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? ፈላስፎች ለዚህ ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ መልሶቻቸውም ይለያያሉ።

ይህ የማስረጃ ጉዳይ አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» የሚል ነው። ለዚህ የእጅ ጽሑፉን፣ የግእዙን ስልት፣ የመነኩሴውን ደብዳቤዎች እንመረምራለን። ሁለተኛው «እውነት መሆን ማለት ራሱ ምን ማለት ነው?» የሚል ነው።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት አንድ ነገር እናስብ። ፓሪስ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያሉት የሐተታው የእጅ ጽሑፎች በሙሉ ቢቃጠሉ፣ ደብዳቤዎቹም ቢጠፉ፣ ማን እንደጻፈው የምናውቅበት መንገድ ይዘጋል። ነገር ግን ብዕሩን የያዘው ሰው በእሳቱ ምክንያት አይለወጥም። ዕውቀታችን ጠፋ እንጂ እውነቱ አልጠፋም ብለን እናስባለን። ይህ ስሜት ልክ ነው ወይ? ከዚህ በታች ያሉት አመለካከቶች ዋና መለያያቸው ይህ ነው።

ሌላም በአጭሩ መነሣት ያለበት ነገር አለ፤ እውነት ወይም ሐሰት የሚባለው ምኑ ነው? ቃላቱ ብቻ ሊሆኑ አይችሉም። «እዚህ ዝናብ እየጣለ ነው» የሚለውን ጎንደር ላይና ድሬዳዋ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ቢናገሩት፣ አንዱ እውነት ሌላው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ፈላስፎች እውነት የሚባለው በዓረፍተ ነገሩ የተላለፈው ሐሳብ ነው ይላሉ። እኔም «አባባል» ስል ይህንን ማለቴ ነው።

አባባሉ ከነገሩ ጋር ከገጠመ አይበቃም?

ብዙ ሰው የሚያምነው፣ ከሁሉም የቆየው መልስ ይህ ነው። አርስቶትል ሲያስቀምጠው፣ የሆነውን ሆነ፣ ያልሆነውንም አልሆነም ማለት እውነት ነው፤ የሆነውን አልሆነም፣ ያልሆነውን ሆነ ማለት ግን ሐሰት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ እውነትን የአእምሮና የነገር መስማማት አድርጎ ገለጸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የካምብሪጆቹ ጂ ኢ ሙርና በርትራንድ ራስል ሐሳቡን አደሱት፤ አንድ አባባል እውነት የሚሆነው በዓለም ውስጥ የሚገጥመው ኩነት፣ ማለትም ነገሮች የሚገኙበት ሁኔታ፣ ሲኖር ነው አሉ። በዚህ አመለካከት የሐተታው ጉዳይ ያለቀለት ነው፤ የሆነው ሆኗል። አንድ ሰው ጽፎታል፤ ያ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን በትክክል የሚጠራው አባባል እውነት ነው። እኛ መድረስ አለመድረሳችን የእኛ ጣጣ ነው።

«መግጠም» ሲባል ግን ምን ማለት ነው? ቃላት ከሰውና ከብራና ጋር በምን ይመሳሰላሉ? ሉድቪግ ቪትገንስታይን በ1914 ስለ አንድ የፓሪስ ፍርድ ቤት አነበበ። የመኪና አደጋ እንዴት እንደደረሰ ለማሳየት በፍርድ ቤቱ ውስጥ ትንንሽ የመኪና ሞዴሎችና አሻንጉሊቶች ተደርድረው ነበር። ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው ብሎ አሰበ። ቃላቱ በነገሮቹ ምትክ ይቆማሉ፤ አደራደራቸውም የነገሮቹን አደራደር ያሳያል። አደራደሩ በመንገዱ ላይ ከነበረው ጋር ከተካከለ እውነት፣ ካልተካከለ ሐሰት ነው። በ1921 ባሳተመው ሥራው ይህን ሐሳብ እስከ ዳር ወሰደው፤ በኋላ ዘመኑ ግን ራሱ ተወው።

የተወበት ምክንያት የራሱ ቢሆንም፣ አመለካከቱን የሚያስቸግሩ ነገሮች ሞልተዋል። «አዲስ አበባ የባሕር ወደብ የላትም» እውነት ነው። ከዚህ ጋር የሚገጥመው በዓለም ውስጥ ያለ ነገር ምንድን ነው? አለመኖር እንዴት ይኖራል? ራስል «አሉታዊ ኩነቶች አሉ» ብሎ ሃርቫርድ ላይ ሲያስተምር ሁከት ሊነሣ ጥቂት ቀርቶ እንደነበር ተናግሯል፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ሁከት የሚነሣበት ክፍል መኖሩ ያስቀናል። «ሰባትን ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቁጥር የለም» የሚለውስ? ሰባት የት ተቀምጦ ነው አባባሉ የሚገጥመው? «ባርነት ክፉ ነው» የሚለውም እውነት ነው፤ ክፋት ግን እንደ ብራና አይዳሰስም።

በተደጋጋሚ የሚሰማ ሌላም ተቃውሞ አለ። አባባልን ከዓለም ጋር ለማነጻጸር ከራሴ ጭንቅላት መውጣት አለብኝ፤ ያ ደግሞ አይቻልም፤ ስለዚህ የማነጻጽረው አንዱን እምነቴን ከሌላው እምነቴ ጋር ነው ይላል። በእኔ ግምት ይህ ተቃውሞ የሚመስለውን ያህል አይጠነክርም። ለማረጋገጥ መቸገራችንን ነው የሚያሳየው፤ አባባሉ ለመግጠም ግን የእኛን ማረጋገጫ አይጠብቅም። ቅድም የለየናቸው ሁለት ጥያቄዎች እንደገና ተደባለቁ ማለት ነው።

ነገሮች እርስ በርስ ከተስማሙስ?

ሊቃውንት ስለ ሐተታው ሲከራከሩ የሚያደርጉትን ልብ ብለን እንይ። ማንም ወደ አፄ ሱስንዮስ ዘመን ተመልሶ የሚያይ የለም። የሚሠሩት ማስተያየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ነገሥታትና ዘመናት ከዜና መዋዕሎች ጋር ይስማማሉ? ግእዙ መነኩሴው ከጻፋቸው ሌሎች ነገሮች ጋር ይመሳሰላል? ሐሳቡስ ካገሩ የትምህርት ባህል ጋር ይሄዳል? አንዱ ከሌላው ጋር የሚጣበቅበትን፣ የሚላቀቅበትንም ይፈልጋሉ።

ከዚህ ተነሥተው እውነት ማለት ራሱ ይህ መስማማት ነው ያሉ ፈላስፎች አሉ። የኦክስፎርዱ ሃሮልድ ጆአኪም በ1906፣ አሜሪካዊው ብራንድ ብላንሻርድ ደግሞ በ1939 የጻፉት በዚህ መንፈስ ነው። አንድ አባባል ብቻውን ቆሞ እውነት አይሆንም፤ እውነት የሚሆነው ሰፊና የተያያዘ የእምነቶች መዋቅር ውስጥ ቦታውን ይዞ ሲገኝ ነው። ይህ አመለካከት ቅድም ለተቸገርንባቸው ነገሮች ይመቻል። የሒሳብ አባባል የሚቆመው በሌሎች የሒሳብ አባባሎች ላይ ነውና ሰባት የት እንዳለ መፈለግ አያስፈልግም።

ራስል ግን አንድ ጳጳስ ይዞ መጣ። ዊሊያም ስተብስ የኦክስፎርድ ጳጳስና የታወቁ የታሪክ ምሁር ነበሩ፤ በ1901 አርፈዋል። ራስል እንዲህ አለ፦ «ጳጳስ ስተብስ በነፍስ ግድያ ተሰቀሉ» ከሚለው ሐሰት ጋር እርስ በርሱ የሚስማማ ሙሉ ታሪክ መፍጠር ይቻላል። ዳኛውን፣ ምስክሮቹን፣ የጋዜጣውን ዘገባ ሁሉ ከዚያው ጋር አስማምተን ብንፈጥር ጳጳሱ ተሰቀሉ ሊባል ነው? በደንብ የተሠራ ልብ ወለድ እርስ በርሱ ይስማማል፤ እውነት ግን አይደለም።

በሐተታው ላይም ችግሩ ይደርሳል። የኢትዮጵያዊው ደራሲ ታሪክ በራሱ የተያያዘ ነው፤ የመነኩሴው ታሪክም በራሱ የተያያዘ ነው። እውነትን የሚፈጥረው መያያዝ ከሆነ አንድ መጽሐፍ በሁለት ክፍለ ዘመን በሁለት ሰዎች ተጽፎ ሊገኝ ነው። የአመለካከቱ ደጋፊዎች መልስ አላቸው፤ የሚፈለገው ያየነውንና የሰማነውን ሁሉ የሚያቅፈው፣ ከሁሉ የሰፋው መዋቅር ነው ይላሉ። ጥሩ። ግን «ያየነው» የሚለው ልዩ ክብር ከተሰጠው፣ ከእምነቶቻችን ውጪ ያለው ዓለም በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጥያቄ ሲጠየቁ የሚመልሱት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሠለጠኑት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው። የሚጽፉት ሰንሰለቱ የማይበጠስ፣ ለጆሮም የሚስማማ ነው። አልፎ አልፎ ግን ያልተጻፈ መጽሐፍ በገጽ ቁጥሩ ይጠቅሳሉ። የራስል ጳጳስ በሚሊዮን ቅጂ እየተሰቀለ ነው ማለት ይቻላል።

የሚጠቅመው ነው እውነት የሚሉትስ?

ፕራግማቲዝም የሚባለው አመለካከት በአሜሪካ ተወለደ፤ ሲወለድም ጀምሮ በስህተት ይተረጎማል። ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ በ1878 እንደጻፈው፣ እውነት ማለት የሚመረምሩ ሁሉ ምርመራቸውን ቢገፉበት በመጨረሻ የሚስማሙበት አስተያየት ነው። ዊሊያም ጄምስ በ1907 ሐሳቡን ሕዝብ ዘንድ አደረሰው። በእሱ አነጋገር፣ እውነተኛ እምነት በረጅም ጊዜና በጠቅላላው ሲታይ በአስተሳሰባችን ጉዞ የሚሠራልን እምነት ነው። ተቺዎቹ ወዲያው «ጠቃሚ ውሸትስ?» አሉት።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ጥያቄ አይደለም። ሐተታው የኢትዮጵያዊ መሆኑ ብዙዎችን ያኮራል፤ አፍሪካ የተጻፈ ፍልስፍና አልነበራትም የሚለውን ንቀትም ያፈርሳል። በተቃራኒው፣ የመነኩሴው ነው የሚለው ታሪክ ለዚያ ንቀት ተመችቶ ይገኛል። እንግዲህ አንዱ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ጠቀመ ብለን ሁለቱንም እውነት እንበላቸው? ጄምስ ራሱ እንዲህ አላለም። «የሚሠራ» ሲል ሊመጣ በሚችል ፈተና ሁሉ የማይወድቅ ማለቱ ነበር፤ ኩራትም ሆነ ንቀት የእጅ ጽሑፍ ምርመራን አያልፉም። አጻጻፉ ግን ለስህተት በር ከፍቷል። ፐርስም በ1905 የራሱን ትምህርት «ፕራግማቲሲዝም» ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ አስቀያሚ ስለሆነ ማንም አይሰርቀኝም ብሎ ነው።

የፐርስ መልስ የራሱ ችግር አለው። ከ400 ዓመት በፊት በአንድ ማለዳ በጣና ሐይቅ ላይ የተጠመዱት ዓሦች ቁጥር ጎዶሎ ነበር ወይስ ሙሉ? የቱንም ያህል ቢመረመር መልስ አይገኝም። ታዲያ ቁጥሩ ጎዶሎም ሙሉም አልነበረም? አብዛኛው ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል። ከነገሩ ጋር መግጠም የሚሉት ወገኖች ደጋፊ የማያጡት በዚህ ዓይነቱ ምሳሌ ነው።

«እውነት አንጻራዊ ነው» ማለትስ ያስኬዳል?

ብዙ ጊዜ አንጻራዊ ይባል እንጂ ያልሆነ ነገር አለ። ባሕር ዳር ያለ ሰው «አውቶቡሱ በ2 ሰዓት ተነሣ» ይላል፤ ለውጭ አገር ዘመዱ ሲነግረው ደግሞ «በ8 ሰዓት» ይለዋል። የዓድዋ ድል በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ሁለት እውነት የለም፤ አንድ ክንውን በሁለት አቆጣጠር ተነገረ እንጂ። አቆጣጠሩ ከተጠቀሰ ክርክሩ በዚያው ያበቃል።

ጠንካራው አንጻራዊነት ግን ሌላ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕሮታጎራስ የነገር ሁሉ መለኪያ ሰው ነው ብሏል። የፕላቶን መልስ እስካሁን ይጠቀሳል፦ ለእያንዳንዱ የመሰለው እውነት ከሆነ፣ ፕሮታጎራስ ተሳስቷል ብለው የሚያምኑትም ልክ ናቸው፤ ፕሮታጎራስም ይህንኑ ማመን አለበት። ስለ ጣዕም፣ ለምሳሌ ቡና ያለ ስኳር ይሻላል ወይ በሚለው ላይ፣ አንጻራዊነትን በቁም ነገር የሚከላከሉ ፈላስፎች ዛሬም አሉ። መጽሐፍን ማን ጻፈው በሚለው ላይ ግን ብዙ ደጋፊ አያገኝም።

ጥያቄው ራሱ ባዶ ቢሆንስ?

ፍራንክ ራምሴ በ26 ዓመቱ በ1930 ሞተ። ከዚያ በፊት በ1927 ባወጣው ጽሑፍ፣ «ቄሳር መገደሉ እውነት ነው» ማለት «ቄሳር ተገድሏል» ከማለት አይለይም አለ። «እውነት ነው» የሚለው ቃል ለአባባሉ ምንም አልጨመረለትም። ጎትሎብ ፍሬገም ቀደም ብሎ በ1918 ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ ነበር። ይህን መንገድ የያዙት ፈላስፎች፣ ሐተታውን ማን እንደጻፈው ጠይቁ፤ ስለ ጸሐፊው ሁሉን ከመለሳችሁ በኋላ «እና እውነትነቱስ በምንድን ነው?» የሚል የቀረ ጥያቄ የለም ይላሉ።

ታዲያ ቃሉ ለምን ኖረ? ስለሚያሳጥር ነው። ምስክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተናገረ እያንዳንዷን ቃል ከመድገም «የተናገረው ሁሉ እውነት ነው» ማለት ይቀላል። ፖል ሆርዊች በ1990 ባሳተመው ሥራ፣ ቃሉ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም ብሎ ተከራክሯል።

ማይክል ዳሜት ግን ገና ቀደም ሲል በ1959 ይህ የራምሴ መንገድ አንድ ነገር ይጎድለዋል ብሎ ነበር። እሱ በቼዝ ያስረዳውን ወደ ገበጣ ላምጣው። ጠጠሩ እንዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላ፣ ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ አንድ በአንድ ማስረዳት ይቻላል። ተጫዋቾቹ ለማሸነፍ እንደሚጫወቱ ካልተነገረ ግን ሰሚው ገበጣን አላወቀም። «እውነት» የሚለው ቃል የት የት እንደሚገባ ብቻ መናገርም እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲናገር ወደ እውነት እንደሚያልም፣ ሲስትም እንደሚወቀስ አይነግረንም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ በሐተታው የሚከራከሩት ሰዎች እንዲህ የሚደክሙት ለቃል ማሳጠሪያ አይመስለኝም።

ለመሆኑ ፈላስፎቹ ራሳቸው ወደየት ያዘነብላሉ? በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል በ2009ና በ2020 በተደረጉ ዳሰሳዎች፣ ግማሽ ያህሉ ከነገሩ ጋር መግጠም የሚለውን፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ይህን የራምሴን መንገድ መርጠዋል። ክሪስፒን ራይት በ1992፣ ከዚያም ማይክል ሊንች፣ አንዱን መምረጥ ግድ አይደለም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ስለ ድንጋይ ስንናገር መግጠም፣ ስለ ሥነ ምግባር ስንናገር መስማማት እውነትን ሊያስገኝ ይችላል። የሚያስማማ ይመስላል። ግን «ባርነት ክፉ ነው፤ በኢትዮጵያም በ1942 በአዋጅ ተከልክሏል» የሚለውን እንይ። ሁለቱም ግማሾች እውነት ናቸው። አንዱ ግማሽ የሥነ ምግባር ነው፤ ሌላው የታሪክ። ሙሉው አባባል እውነት የሆነው በየትኛው መንገድ ነው?

ውሸታሙ ሰውዬስ?

ከሁሉም አመለካከቶች ጀርባ አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ አለ። የሚሌጢኑ ኤውቡሊደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ያነሣው ነው፦ አንድ ሰው «እየዋሸሁ ነው» ቢል እውነቱን ነው ወይስ ውሸቱን? እውነቱን ከሆነ ዋሽቷል፤ ከዋሸ ደግሞ ያለው ልክ ነው። የዚህን ቋጠሮ ዘመድ አንባቢ ከቲቶ መልእክት ምዕራፍ 1 ያውቀዋል፤ ከቀርጤስ ሰዎች አንዱ የቀርጤስ ሰዎች ዘወትር ውሸተኞች ናቸው አለ ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ይህ ምስክር እውነተኛ ነው ይላል! (በጥብቅ ከታየ የቀርጤሱ አባባል ቋጠሮ አይደለም፤ አንድ የቀርጤስ ሰው አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ ከነበረ አባባሉ ተራ ሐሰት ሆኖ ያልፋል።)

ፖላንዳዊው አልፍሬድ ታርስኪ በ1933 ችግሩን በሒሳብ ጥንቃቄ ያዘው። ስለ እውነት የሚሰጥ ማንኛውም ትርጉም እንዲህ ያሉትን ማስገኘት አለበት አለ፦ «በረዶ ነጭ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው በረዶ ነጭ ከሆነ፣ ከሆነም ብቻ ነው። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን በጥቅስ ውስጥ ያለው ስለ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከጥቅስ ውጪ ያለው ስለ በረዶ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው የተፈለገው። ከነገሩ ጋር መግጠም የሚሉትም፣ የራምሴ ወገኖችም ታርስኪ የእኛ ነው ይላሉ።

ውሸታሙን ለማስቆም ታርስኪ ያገኘው መፍትሔ ደረጃ ማበጀት ነው። አንድ ቋንቋ ስለ ራሱ ዓረፍተ ነገሮች እውነትነት አይናገርም፤ ያንን የሚናገረው ከበላዩ ያለ ሌላ ቋንቋ ነው። በሒሳብ ይሠራል። አማርኛ ግን እንደ ማንኛውም የሰው ቋንቋ ስለ ራሱ ይናገራል፤ «ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው» ከማለት የሚከለክለው የለም። ሶል ክሪፕኪ በ1975 ሌላ መንገድ ቀየሰ። እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች መሬት አይነኩም፣ እውነትነታቸው የሚያርፍበት ከእነሱ ውጪ የሆነ ነገር የላቸውም፣ ስለዚህ እውነትም ሐሰትም አይባሉም የሚል ነው። ወዲያው ግን ሌላ ውሸታም ይመጣል፤ «ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት አይደለም» ይላል። እውነትም ሐሰትም ካልሆነ እውነት አይደለም፤ ያለውም ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ እውነት ተናግሯል።

ግሬም ፕሪስት በ1987 ትግሉን ትቶ መልሱን ተቀበለ፦ ዓረፍተ ነገሩ እውነትም ሐሰትም ነው። የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። በተለመደው ሎጂክ አንድ ተቃርኖ ከተቀበልን ማንኛውም ነገር፣ ጳጳሱ መሰቀላቸውም ጭምር፣ ይከተላል። ፕሪስትም ተቃርኖውን ይዞ ከዚህ ለማምለጥ የሎጂኩን ሕግ ራሱን መለወጥ ነበረበት።